ምግቡን ማን ሠራው?



ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪያችን ወደ ማውንት ቨርነን ስላደረጉት የትምህርት ቤት ጉዞ ስታወራልን «ቲቸር፣ ለጆርጅ ዋሽንግተን ምግብ የሚሠሩት ሰዎች በአማርኛ ምን ይባላሉ?» አለችኝ። አንዱ ልጅ ፈጠን ብሎ «ባሪያ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ቃሉን የሚያውቁት እንደ ስድብ ነው። የት እንደሰሙት እኔም እናንተም እናውቃለን።

እስቲ በዚህ ሳምንት ቡና ስታፈሉ ነገሩን አንሱት። ማውንት ቨርነን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ የእርሻ ርስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1799 በዚያ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከእሑድ በቀር ፀሐይ ከወጣችበት እስክትጠልቅ ይሠራሉ። ያርሳሉ፣ ይፈትላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። እርሻ ላይ ከሚውሉት የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ቀለባቸው የበቆሎ ዱቄትና በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። ልጆች ከ11 እስከ 14 ዓመት ሲሞላቸው ሥራ ይገባሉ። ይህን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ የራሳቸውን ዕድሜ ማስላታቸው አይቀርም።

ስም ያላቸው ሰዎች መሆናቸውንም ንገሯቸው። ዋናው ምግብ አብሳይ ሄርኩለስ ይባላል፤ በ1797፣ በዋሽንግተን የልደት ቀን፣ ከርስቱ አመለጠ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የነበረችው ኦና ጀጅ ደግሞ ለእመቤቷ የልጅ ልጅ ልትሰጥ መሆኑን ስታውቅ በ1796 ከፊላደልፊያ ጠፋች። ዋሽንግተን ሊያስመልሳት ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1848 እስክትሞት ድረስ ግን በሕግ ነፃ አልወጣችም።

«እኛ አገርስ ነበር?» ብለው ከጠየቁ አትሸሽጉ። ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን ያዩት ነገር ነው። ቃሉ ግን ስድብ ሆኖ እስከ ሳሎናችን ድረስ ተከትሎናል።

ለተማሪያችን የሰጠኋት መልስ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» የሚል ነው። ረዘም ይላል፤ ግን «ሰው» የሚለው ቃል አለበት።

የሳምንቱ የቤት ሥራ፦ ልጆቹ አራሽ፣ ፈታይ፣ ሰፊ፣ አጣቢ፣ አብሳይ የሚሉትን ቃላት ይጻፉ፤ በእያንዳንዱም አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። እናንተ ደግሞ ያቺን ቃል ከቤት አውጡልን። ቅዳሜ ያገናኘን!