ዩኒቨርሲቲው ለኦንላይን ትምህርት ደርሷል? (ሙግት)

ይጀመር

የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ የርቀት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ዛሬ ከ300,000 በላይ ተማሪ አለው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ሲጀምር መሣሪያው ፖስታ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበር። ሕንድ በ1985 የከፈተችው የኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ሦስቱም ኮቪድ ሲመጣ ሞጁል የሚጽፍ መምህርና የቤት ሥራ የሚያርም አስጠኚ ነበራቸው። ዝግጅት የምለው ይህንን ነው። እኛ የኢንተርኔት ገመዱን ስንጠብቅ ሰዉን ሳናሠለጥን ቀረን።

ዩኔስኮ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ ተማሪዎች 82 በመቶው ቤታቸው ኢንተርኔት እንደሌለ ገልጿል። ልክ ነው። የእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን በአብዛኛው የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርቱ በግቢው ሰርቨር ላይ ከተጫነ ከውጭ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። «ዝግጁ አይደለንም» ማለት ሰበብ ሆኗል።

አይቸኮል

ወንድሜ «ሰበብ» ያሏት ቃል አንገበገበችኝ። መጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ሲዘጉ የድኅረ ምረቃው በኦንላይን ይቀጥል ተባለ። ደቡብ ጎንደር ገጠር የገባች የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበረችኝ። ስልኳ ኔትወርክ የሚይዘው ከሰፈሯ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ ቻርጅ የምታደርገው ለገበያ ከተማ ስትወርድ። የቤት ሥራዋን በእጇ ጽፋ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ፣ ሲመሽ ከወንድሟ ጋር ጉብታው ላይ ወጥታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ከሰባቱ ገጽ ሁለቱ በማግስቱ ይደርሱኛል። ሦስት ሴሚናር አመለጣት፤ ሦስቴም «ቀሪ» ብዬ መዘገብኩባት። አዲስ አበባ በዋይፋይ የተከታተለው ጓደኛዋ በልጧት ወጣ። ጎበዟ እሷ ነበረች። የትውልድ ቦታዋን አርሜ ውጤት ሰጠሁ፣ ፈረምኩበትም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

«አይቸኮል» የሚሉት እኅቴ ከ1946 ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ቢቆጥሩልኝ። ያቺን ተማሪ የበደላት መዘግየታችን ነው። ሞጁሉ ቀድሞ ተጽፎ በፍላሽ ቢሰጣት ኖሮ ሴሚናር ቢያመልጣትም ባልተጎዳች ነበር።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

ደግሞ ብሪታንያ! የእንግሊዝ ፖስተኛ ደብዳቤውን በር ድረስ ያደርሳል፤ የእኛ ሰው ፖስታውን የሚቀበለው ከተማ ካለ ሣጥን ነው። ገጠር የገባችው ልጅ ያ ሣጥን እንኳ የላትም። ፍላሹንስ ማን ያደርስላት ነበር? እኔ መምህር ነኝ፤ ለጉባኤ የሚቀርብ የአገሮች ዝርዝር አያሳምነኝም። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነው፦ ትምህርቱ ያልደረሳት ተማሪ ስም ላይ «ቀሪ» ብላችሁ አትጻፉ።