ከትልቁ ሞተር በፊት የራስ ቁር!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ መስመር፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ወርኃዊ መዋጮ መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ያውም ስለ ትልቁ፣ በአስፋልቱ ሽቅብና ቁልቁል ሲያልፍ ልጆች ኳሳቸውን ጥለው ስለሚሮጡለት የሩቅ መንገድ ሞተር። «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል እንላለን። ጉዳዩ የልጆቻችን ሕይወትና የቤተሰብ ጥሪት ጉዳይ ስለሆነ ያገባናል።

ሸዋ ሮቢት የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች በመሆኗ በዚህ መስመር የሚሄድ ሁሉ መሀላችንን ሰንጥቆ ያልፋል። መንገዱ ሰላም ባገኘ ጊዜ ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ሞተረኛም በዚሁ ነው የሚያልፈው። ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላችን ሲደርስ ሙቀቱ ስለሚበረታበት ቆም ብሎ ውሃ ይጠጣል። ሞተሩም ወዲያው በሰው ይከበባል።

እስቲ ልብ እንበል፤ ተከቦ ምን ይጠየቃል? «ስንት ይሮጣል? ስንት ሲሲ ነው? ዋጋውስ?» ይባላል። ሰውየው በዚህ ሐሩር ለምን ወፍራም ጃኬት እንደ ለበሰ፣ ለምን ጓንትና ረጅም ቡት ጫማ እንዳደረገ፣ ያንን ሄልሜት የምንለውን የራስ ቁር ለምን አገጩ ድረስ እንዳሠረው የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም ይሳቅበታል። «በቆላ ካፖርት የሚለብስ፣ ምን ዓይነቱ ነው!» ይባልለታል።

ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ወጣቶቻችን ከዚያ መንገደኛ የቀዱት የሞተሩን ትልቅነት እንጂ የሰውየውን ጥንቃቄ አይደለም። መቀዳት የነበረበት ቀርቶ መቅረት የሚችለው ተቀዳ!

አንዳንድ ቤት የማሾውና የሽንኩርቱ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ልጁ «የያዝነው ትንሽ ሞተር አይበቃም፣ ትልቁን እንግዛ» እያለ አባቱን ይጨቀጭቃል። «ሩቅ ለመሄድ ትልቅ ሞተር ግድ ነው» ይላል። በመጀመሪያ ይህ ወሬ ይውደቅ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ከለንደን ተነሥቶ፣ አራት ዓመት በፈጀ ጉዞ ዓለምን ሲዞር በአገራችንም አልፏል። የተቀመጠበት ትራያምፍ ሞተር 500 ሲሲ ነበር። ዛሬ ትልቅ ከሚባሉት ከባለ 1000ና ከባለ 1200 ሲሲዎቹ ጋር ሲተያይ ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ነው። ሰውየውን ሩቅ ያደረሰው ሲሲ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

«በፊልም ያየናቸውስ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ተነሥተው እስከ ኬፕ ታውን ሲጓዙ በኢትዮጵያ አልፈዋል። የነዱትም ትልቁን ባለ 1200 ሲሲ ቢ.ኤም.ደብሊው ነው። ነገር ግን መኪና የያዘ ረዳት ቡድን ነበራቸው። ከእኛ ልጅ በኋላ የሚከተለው ማነው? የእናቱ ጸሎት ብቻ ነው።

ስለ ሞተሩም የምንለው አለ። እንዲህ ያለው ሞተር ነዳጁን ሞልቶ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሁለት ኩንታል ተኩል እህል ማለት ነው! ክረምት ዋልካ ላይ ወይም በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ጋደም ሲል ማን ያነሣዋል? በየሠፈሩ የምናውቀው ባለ 125 ሲሲ ሞተር ክብደቱ የዚህ ግማሽ ገደማ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ትንሹ 2 ሊትር ገደማ ቤንዚን ሲበቃው፣ ትልቁ 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ጎሚስታችን የትንሿን ሞተር ከለመዳሪ በአፍታ ይለጥፋል፤ የትልቁ ጎማ ሲያልቅ ግን ልኩ በየሱቁ ተደርድሮ አይጠብቅም። መለዋወጫ ሲጎድል ሞተሩ ጓሮ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። በሬ ተሸጦ የተገዛ የዶሮ ማደሪያ! አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሞተርን እንጠላለን ማለት አይደለም። ትንሿ ሞተር የታመመ ሰው ታደርሳለች፤ ማሾ ከማሳ ታወጣለች፤ ለስንቱ ወጣት እንጀራ ሆናለች። የራሱ ትርፍ ገንዘብ ያለው፣ መንዳቱን በደንብ የተማረ፣ ትልቁን ገዝቶ አገሩን ቢዞርበትም መብቱ ነው። የምንቃወመው ጭንቅላቱን ባዶ አድርጎ ሞተር ብቻ የሚያሳድገውን ነው።

ጉዳዩ የሒሳብ ጉዳይ ነውና በሒሳብ እንነጋገር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ሳይነካ 17 ሜትር አለፈ ማለት ነው። በ100 ከሆነ 28 ሜትር ያልፋል። ደግሞም ፍጥነት ከ30 ወደ 60 እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ 90 ሲደርስ ዘጠኝ እጥፍ ነው። አሁን ይህንን ይዘን መንገዳችንን እንመልከት። ባጃጅ በድንገት ይታጠፋል፤ የአህያ ጋሪ መሀል ይገባል፤ ፍየል ይሻገራል፤ ግመል ይነዳል፤ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ይሮጣል። እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚጎርፈውን ሰው ያየ፣ መንገዱ የመኪና ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። ፍየሏ የሲሲ ቁጥር አታነብም!

ከጣርማ በር የሚወርደውም ያስብበት። በሩ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ ያለነው 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቁልቁለት 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ውስጥ ያልቃል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደ ቀዝቃዛው አይዝም። አዋቂው ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እየያዘ ይወርዳል። ሞተሩ በከበደ መጠን ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ራስ ቁሩ እንምጣ። «ጎበዝ ነጂ አይወድቅም» የሚል ካለ ይህን ይስማ። የዓረቡ ሎሬንስ እየተባለ ዓለም የሚያውቀው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎሬንስ ጦርነት ያላሸነፈው፣ ሞተር መንዳትንም ለዓመታት የተካነ ሰው ነበር። በግንቦት 1927 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዶርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ብሮ ሱፔሪየር የተባለውን የዘመኑን ትልቅ ሞተር ሲነዳ፣ በብስክሌት ላይ የነበሩ ሁለት ልጆችን ለማዳን ጠመዘዘ፤ ወደቀ። የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ራሱን ሳያውቅ ስድስት ቀን ቆይቶ ሞተ። ጥበቡ አልጎደለም፤ የጎደለው ቁሩ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሊያክሙት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ በሞተር የሚሞቱትን ሰዎች ማጥናት ያዘ። የጭንቅላት ጉዳት ስንቱን እንደሚገድል፣ ቁርም ስንቱን ሊያተርፍ እንደሚችል በ1934 ዓ.ም. ጽፎ አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ለሞተረኞቹ የራስ ቁርን ግዴታ አደረገ። ለሕዝቡ በሙሉ በሕግ ግዴታ የሆነው በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታውቋል። ሌላው ሕዝብ በሬሳ የተማረውን እኛ በንባብ ብንማረው ምን አለበት?

ምክንያት የሚደረድሩ አሉ። አንድ በአንድ እንመልስላቸው።

«ቆላ ነው፣ ይሞቃል» ይላሉ። ይሞቃል፤ አልዋሸንም። ታዲያ ማሾ ለቀማ አይሞቅም? ሽንኩርት ኩትኳቶ አይሞቅም? ለእንጀራ የቻልነውን ሙቀት ለነፍሳችን አንችለውም? ጥላ ባለበት ቆም ብሎ አውልቆ ውሃ መጠጣት ነው፤ መልሶ አጥልቆ መሄድ ነው።

«ቅርብ ነው የምሄደው» ይላሉ። አደጋ ርቀት ለክቶ አይመጣም። ሰው፣ ከብትና ባጃጅ የሚበዛው እዚሁ ከቤታችን ደጃፍ ነው። በቁር ፈንታ «ቅርብ ነው» የሚለው ቃል ጭንቅላት አይሸፍንም።

«ቀን ከደረሰ የሚያድን የለም» ይላሉ። እንዴ! እንዲህ ከሆነ ለወባ አጎበር የምንሰቅለው ለምንድን ነው? ማታ በር የምንቀረቅረው ለምንድን ነው? ፈጣሪን ማመንና ራስን መጠበቅ መቼ ተጣልተው ያውቃሉ? ቀኑን ፈጣሪ ያውቃል፤ ማሠሪያውን አገጭ ሥር መቆለፍ ግን የእኛ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ቁሩን ገዝቶ ክንዱ ላይ የሚያንጠለጥለው ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ያጠልቃል፤ ሲያልፍ ያወልቃል። ፖሊሱን ያታለለ መስሎታል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች» አለ የአገሬ ሰው። ጭንቅላቱ የተጎዳ ልጅ ከእኛ ዘንድ ወደ ደብረ ብርሃን ሲላክ፣ ያንኑ የጣርማ በር ዳገት እየተንገላታ 90 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። በዚያች ሰዓት የሞተሩን ሲሲ የሚጠይቅ የለም።

በሌላ በኩል «ሞተር ጨርሶ ይከልከልልን» የሚሉ ነዋሪዎች አሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር የሚፈጸም ወንጀልን ምክንያት አድርጋ ከሰኔ 30 ቀን ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ከልክላ እንደነበር ይጠቅሳሉ። ሥጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን ክልከላ የሠራተኛውን እንጀራ ከአጥፊው ጋር አብሮ ይቆርጣል። እኛ የምንለው፣ ወጣቱ ራሱ ሥርዓት ከያዘ ክልከላ የሚጠይቅ ምክንያት ያጣል ነው። ሥርዓት ካልያዘ ግን ጠበቃ ሆነን የምንቆምበት እግር አይኖረንም።

ስለዚህ ለሠፈራችን ነዋሪ ሁሉ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1. ሞተር የሚገዛ ቤተሰብ በመጀመሪያ የራስ ቁር ይግዛ፤ አንድ ለነጂው፣ አንድ ከኋላ ለሚቀመጠው። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ወይም የተሰነጠቀ ቁር አይገዛ፤ መልኩ እንጂ ሥራው ቀርቷል።

2. ቁሩ ይጠለቅ፤ ማሠሪያውም ይታሠር። ያልታሠረ ቁር ከራስ ቀድሞ ይወድቃል።

3. በሬ፣ መሬት ወይም የዘር እህል ሸጦ ትልቅ ሞተር መግዛት ይቅር። ጎማውና መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ያልጠየቀ ሰው ዋጋውን ገና አላወቀም።

4. በሠፈር ውስጥ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ፤ ባለ ትልቁም ባለ ትንሹም እኩል ይገዛ።

5. ያለ መንጃ ፈቃድ አይነዳ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑን ባለ ሞተር ሁሉ ይወቅ። የተጎዳ ጎረቤት በሽምግልና ብቻ አይታከምም።

6. ትልቅ ሞተር የያዘ እንግዳ ሲመጣ እንደ ወጋችን ውሃ እንስጠው። ልጆቻችንም ስለ ሲሲው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ቁሩ፣ ስለ ጓንቱና ስለ ጫማው ይጠይቁት። ዕውቀቱ እዚያ ነው።

ይህ ጽሑፍ የማያስደስተው ወጣት ይኖራል። ይምጣና በሚቀጥለው የሠፈር ስብሰባ ይከራከረን፤ በደስታ እንሰማዋለን። ሲመጣ ግን የራስ ቁሩን አጥልቆ ይምጣ!

የማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጽሑፍ አዘጋጆች