የጤና ተማሪዎች ምርምር ከመለኪያው ይጀምር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ጤና ተማሪዎች የምርምር ትምህርት ያለኝን አሳብ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በሰቆጣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ነርስ አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። ነገር ግን ከእኛ ዘንድ ወጥተው በየኮሌጁ ነርስነትና የኅብረተሰብ ጤና የሚማሩ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ፥ የመመረቂያ ጥናታቸውን ዕቅድ ይዘው «መምህር፥ እስቲ ቁጥሩን ይዩልን» ይሉኛልና፥ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ያየሁትን ብናገር ድፍረት አይሆንብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንዱ ተማሪ ስለ ዝቋላ ወረዳ ሕፃናት መቀንጨር ሊያጠና ያሰበበትን ዕቅድ አመጣልኝ። (ዝቋላ ስል በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የአቡዬን ተራራ የሚያስብ አንባቢ አይጠፋም፤ ይህኛው በዋግ ኽምራ ወደ ተከዜ የሚወርደው፥ ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው።) የሚጠኑት ሕፃናት ቁጥር 422 ይላል። ሁለተኛዋ ስለ እጅ መታጠብ ልታጠና ነበር፤ 422። ሦስተኛው ስለ ወባ አጎበር፤ እርሱም 422። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ስጠይቅ ሦስቱም የሰጡኝ መልስ «ቀመሩ ነው» የሚል ነበር። በማታ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘ የመንግሥት ሠራተኛም ይህን ቁጥር ሳያውቀው አይቀርም።

የቁጥሩ አመጣጥ ምሥጢር የለበትም። የችግሩ ስፋት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ካልታወቀ 50 ተብሎ ይታሰባል፤ ከመቶ 5 የሚያህል ስሕተት ይፈቀዳል፤ እርግጠኝነቱ ከመቶ 95 እንዲሆን ይደረጋል፤ ይህ ሲሠላ 384 ይወጣል፤ መልስ የማይሰጥ ሰው ቢኖር ተብሎ ከመቶ 10 ሲጨመርበት 422 ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ስሌቱ አስቀድሞ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሕፃን ከወረዳው ሁሉ በዕጣ መመረጡን ነው። የእኛ ተማሪ ግን መኪና የሚደርስባቸውን ሦስት ቀበሌዎች መርጦ ከእነርሱ ብቻ ሊወስድ ነበር። የአንድ መንደር ልጆች ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ አንድ ድርቅ ይመታቸዋል፤ ሲታመሙም ወደ አንድ ጤና ኬላ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ይመሳሰላሉ። ከሦስት መንደር የተለኩ 422 ልጆች፥ በዕጣ ከየአቅጣጫው የተለቀሙ 422 ልጆች የሚሰጡትን ያህል ዕውቀት አይሰጡም። ባለሙያዎች ለዚህ ሲሉ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያደርጉታል። ቁጥሩ ቢበዛም ደግሞ መንገድ ዳር ያለው ቤት ከገደሉ ማዶ ያለውን ቤት አይወክልም። ጤና ኬላውም፥ ወፍጮውም፥ የእህል መጋዘኑም ብዙ ጊዜ መንገዱን ተከትለው ይተከላሉ፤ እጅግ የተጎዳው ሕፃን ያለው ግን በእግር ብቻ በሚደረስበት ስፍራ ነው። ያ ሕፃን በጥናቱ ውስጥ ካልገባ፥ በሪፖርቱም በበጀቱም ውስጥ አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የተማሪ ወረቀት ነው፤ ለፈተና ተጽፎ በመደርደሪያ የሚቀር ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን የዛሬው ተማሪ የነገው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መሆኑን አስታውሳቸዋለሁ። ዛሬ የተማረውን አጠናን ነገ ለአልሚ ምግብ ዕደላ ስም ዝርዝር ሲያዘጋጅ ይሠራበታል። በአገሪቱ የሕዝብና የጤና ቅኝት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 38 ዝቅ ሲሉ በአማራ ክልል ግን 46 ነበሩ። የክልሉ አንድ ቁጥር የዝቋላን ቆላ ከደጋው ለይቶ አያሳይም፤ ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው በስፍራው የሚደረግ ጥናት ነው። ስለዚህ የተማሪዎቹ ሥራ ቁም ነገር አለው፤ ባይኖረውማ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ።

መቀንጨር ደግሞ በዓይን የማይፈረድ ነገር ነው። የከሳውን ሕፃን ማንም ያየዋል። የቀነጨረው ግን ከባልንጀሮቹ መካከል ሲሮጥ ደኅና ይመስላል፤ ባልንጀሮቹም እንደ እርሱ አጥረዋልና። ስለዚህ መለካት ግድ ነው፤ ለመለካትም ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ቁመትና ዕድሜ። ተማሪዎቹ የሚጨነቁት ለቁመቱ ነው፤ አብዛኛው ስሕተት ያለው ግን በዕድሜው ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሰንጠረዥ፥ 83 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ወንድ ልጅ ዕድሜው 24 ወር ከሆነ አልቀነጨረም፤ ድንበሩ 81 ነውና። ያው ልጅ 30 ወር ከሆነው ግን ቀንጭሯል፤ በዚያ ዕድሜ ድንበሩ ከ85 ከፍ ይላልና። በሁለቱ መካከል ያለው ስድስት ወር ብቻ ነው። (ሰንጠረዡ የፈረንጅ ልጅ ልክ ነው የሚል ክርክር እሰማለሁ፤ የተሠራው ግን በብራዚል፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ በተለኩ ልጆች ነው።)

እንግዲህ የተማሪው መጠይቅ «የትውልድ ቀን፥ ወር፥ ዓመት» ብሎ ሦስት ባዶ ቦታ ትቷል። የልደት ወረቀት የሌላት እናት «ሁለት ዓመቱ ነው» ትለዋለች፤ እርሱም 24 ወር ብሎ ይጽፋል። እንዲህ በተሞላ መዝገብ ላይ 12፥ 24ና 36 ወር የሆኑ ልጆች ከተፈጥሮ ልክ በላይ ይበዛሉ። ነገር ግን ለዚህ ችግር መድኃኒቱ በአገራችን ሞልቷል። ክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ ወንዱ በ40 ቀን፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ቀኑን እናት ብትረሳው የክርስትና አባት አይረሳውም። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በዋግም ሻደይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይከበራል፤ «የተወለደው ከሻደይ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለጥምቀት ታዝሎ ወጥቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ የመንደር ወሬ ሳይሆን በዓለም ሁሉ የታወቀ የዕድሜ አጠያየቅ ዘዴ ነው። የእኛ ልጆች ግን የጥናት ዘዴን ከፈረንጅ መጽሐፍ ብቻ የሚቀዳ አድርገው ስለሚያስቡት፥ አያታቸው የምታውቀውን መቁጠሪያ ወደ ወረቀቱ ለማግባት ያፍራሉ።

ስለ ቁመቱም ቢሆን፥ ከ2 ዓመት በታች ያለው ልጅ ተኝቶ፥ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል፤ ተኝቶ ሲለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማልና። ይህን የማያውቅ ለኪ በሁለት ዓመት አካባቢ ያሉትን ልጆች ሁሉ ያዛባቸዋል።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። በዋግ በቤቱ ኽምጣኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። መጠይቁ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ ከዚያም ጠያቂው እናቲቱ ደጃፍ ቆሞ ከአፉ ወደ ኽምጣኛ ይመልሰዋል። አምስት ጠያቂዎች ካሉ አምስት ዓይነት ጥያቄ ተጠየቀ ማለት ነው። አስቀድሞ በኽምጣኛ በጽሑፍ አስፍሮ፥ አማርኛውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ እንዲመልሰው አድርጎ ሁለቱን ማስተያየት አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። «ልጁ ትናንት እንቁላል ወይም ወተት አግኝቷል ወይ?» የሚለውም ጥያቄ ሐሙስ ሲጠየቅና ማክሰኞ ሲጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም፤ ረቡዕ ጾም ነውና፤ ሕፃኑ ባይጾምም በዚያ ቤት የፍስክ ነገር አይዘጋጅ ይሆናል። በሁዳዴ የተሰበሰበ ጥናት በፋሲካ ማግሥት ከተሰበሰበ ጋር እንዴት ሊነጻጸር ይችላል? እንደዚሁም ነጭ ጋዋን ለብሶ መዝገብ ይዞ የመጣውን ሰው ሕዝቡ ዕርዳታ የሚመዘግብ ይመስለዋል፤ የሚመልስለትም እንደዚያው ነው። ለምን እንደ መጣ በቋንቋቸው ማስረዳትና «እንቢ» የማለት መብት እንዳላቸው መንገር ለሥነ ምግባሩ ብቻ ሳይሆን ለመልሱም እውነተኛነት ይጠቅማል።

አንድ ሥራ ውጤት አስገኘ ለማለት ደግሞ የሚነጻጸር ወገን ያስፈልጋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁትን የትንቢተ ዳንኤልን የመጀመሪያ ምዕራፍ ለዚህ እጠቅሳለሁ። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ 10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ወሰዱ፤ ሌሎቹ ብላቴኖች ከንጉሡ ማዕድ በሉ፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን መልክ ጎን ለጎን ታየ። ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ የሚታየው ነገር አስቀድሞ ተነግሯል፤ የሚነጻጸርም ወገን አለ። (አራት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ፈራጁም ማን ምን እንደ በላ ያውቅ ነበር። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይሥቃሉ።)

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አውጆ፥ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገባ፤ ስሙም በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ በሆነችው በከተማችን ተሰየመ። በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎችም ሥራው ተጀመረ። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ዋግንም ደርሶ ሰውን ከቀዬው አፈናቀለ። አሁን አንድ ተማሪ የድሮውን ቁጥር ከአሁኑ ጋር ብቻ አስተያይቶ «ቃል ኪዳኑ ሠራ» ወይም «አልሠራም» ብሎ ቢደመድም፥ የድርቁንና የጦርነቱን ሥራ ለቃል ኪዳኑ መስጠቱ ነው። ተመሳሳይ መከራ ያየ፥ ፕሮግራሙ ግን ዘግይቶ የደረሰበትን ወረዳ አብሮ ማየት አለበት። ሪፖርት አንባቢዎች የሆናችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼም፥ «ከመቶ ይህን ያህል ቀነሰ» የሚል ገጽ ሲቀርብላችሁ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጸሐፊውን የምትቀየሙት አይምሰላችሁ፤ ደግ አድርጋችሁለታል።

ምርምር የፈረንጅ ወይም የዶክተር ብቻ ነው የሚለውም አሳብ ይቅር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ብዙ ሰው በዚያ አልፏል። እርሱ ግን ከሴቶቹ አንዷን አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ለምኖ ሲሞቱ ተመለከተ፤ የብልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድለው የእንዶድ ምርምር ከዚህ ተነሣ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1989 እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን አገር ተሸለሙ። እንዶዱ በእኛም ደጅ ይበቅላል። ነርሶችም ቢሆኑ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን በመብራቷ ብቻ አያስታውሷት፤ በክሪሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው ወታደር እንደሚበልጥ በቁጥርና በሥዕል ያስረዳች እርሷ ናት።

የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በአንድነት እየተማሩ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው ይሠለጥኑ ነበር። ያ አሳብ ለምርምር ትምህርት ዛሬም ይስማማል። ተማሪው ቀመርና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከመማሩ በፊት አንድ የቁመት ሰሌዳ ይሰጠው። ሁለት ተማሪዎች አሥር ሕፃናትን አንዱ የሌላውን መዝገብ ሳያይ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ልዩነታቸውን በዚያው ቀን ይዩት። አንድ መጠይቅ በቋንቋው ለአሥር እናቶች ጠይቀው ያልገባቸውን ጥያቄ ይሰርዙ። ከዚያ በኋላ ነው 384 ከየት እንደ መጣ የሚገባቸው። መምህራኑም ወረቀቱን በገጹ ብዛት አይመዝኑት፤ የቦታ ስም ብቻ ተለውጦ የተገለበጠ ጽሑፍ ለእኔ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሶኛል፤ በአንዱማ ላይ የዝቋላ ሕዝብ ዋና ምግብ እንሰት ነው ይላል!

ጥናቱ ሲያልቅም ውጤቱ በአማርኛና በኽምጣኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሰጥ። ልጇን ያስለካች እናት ቁመቱን በዚያው ቀን ትወቅ፤ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ቢገኝም የጥናቱ ማለቅ ሳይጠበቅ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር፤ ከሰቆጣ