ከንፈር ቢቆረጥም አምሮት አይቆረጥም

በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ጎርደን ፓሻ የግብፅን ኬዲቭ ወክሎ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ሊነጋገር ደብረ ታቦር ሲደርስ፣ የገባው ትምባሆ ወንጀል ወደሆነበት አገር ነበር። በዘመኑ አገሩን ያዩ የውጭ ሰዎች እንደጻፉት፣ ሲያጨስ የተገኘ ከንፈሩ፣ ሱረት ሲስብ የተገኘ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። ከቅጣቱ ጀርባ እምነት አለ፤ ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው የሚል አፈ ታሪክ በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ለደጋው ገበሬ አጫሽ ማለት ጤናውን የሚጎዳ ሰው ሳይሆን ከማኅበር የወጣ ሰው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ትምባሆው ግን አልወደቀም። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ነጋዴ ሆነ። ኒያላም ከአዲስ አበባ እየተጫነ ጉና ተራራ ሥር እስካሉት ሱቆች ድረስ ዘለቀ።

ይህን ታሪክ ማንሳት ያስፈለገው የዛሬው ሕግም፣ ምላጩን ቢተውም፣ ዓይኑ አሁንም አጫሹ ከንፈር ላይ ስለሆነ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጥሩ አዋጅ ነው። ጣሪያ ባለው የሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን ከለከለ፤ ማስታወቂያን አስቀረ፤ የፓኬቱን 70 በመቶ ለሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ አዋለ። እነዚህ ሁሉ ያልጀመረው እንዳይጀምር፣ የማያጨሰው በሰው ጭስ እንዳይጎዳ ያደርጋሉ። ሲጋራውን የጣለው ሰው ግን ከሦስት ወር በኋላ ሌሊት ላይ አምሮት ቀስቅሶት ሲቀመጥ፣ አዋጁ ለእሱ የሚናገረው ነገር የለም።

ስለ እሱ የሚናገር ሰነድ ግን አለ። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 14 ስለ ሌላ ነገር አይደለም፤ አባል አገሮች ከትምባሆ ጥገኝነት መላቀቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ምክርና ሕክምና እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል። ስለ ማጨሻ ቦታ፣ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ታክስ ብዙ ተሠርቷል። አንቀጽ 14 ግን ደቡብ ጎንደር ድረስ የመጣ አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። እንደ ደቡብ ጎንደር ባለ፣ አጫሽ በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ ምን ያህል ጉዳይ ነው? እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ ትምባሆ ተጠቃሚዋ ጥቂት ከሆኑ አገሮች አንዷ ናት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጎልማሶች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ነገር ግን ጥቂት መሆን የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም በሚያጨስበት አገር አንድ ሰው ሲያቆም ወሬ ይሆናል፤ ጓደኛው ይጠይቀዋል፣ ሚስቱ ትኮራበታለች፣ ሐኪሙ ይከታተለዋል። ማጨስ ነውር በሆነበት አገር ግን ሰው በድብቅ ያጨሳል፤ በድብቅ ያጨሰ ደግሞ የሚያቆመውም በድብቅ ነው። እናቱ ማጨሱን ካላወቀች ማቆሙን ምን ብሎ ይነግራታል? የንስሐ አባቱን ካልሆነ በቀር ለማን ይተነፍሳል? ብስጭቱን ቤተሰቡ ጠባይ ነው ይለዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱን ጎረቤት ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ይታሰብ። ስም አያስፈልገውም፤ በዚያ መስመር ላይ እንደ እሱ ያለ ብዙ ነው። አሥር ዓመት አጭሷል። አንድ ቀን ሳሉ ሲያስፈራው ወይም ልጁ ፓኬቱን ኪሱ ውስጥ ስታገኝበት ይቆርጣል። ሱባዔ ይገባል፤ ለምሳሌ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ወዳለው ደን፣ ወደ ጣራ ገዳም። እዚያ ሲጋራ የሚሸጥ የለም፣ የሚለኩስ የለም፣ ጭስ ቢሸት የዕጣን ነው። ሦስት ቀን ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ያልበዋል። ከዚያ ይቀልለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ዳነ፤ ትምባሆ የሚባል ነገር በሐሳቡ እንኳ አይመጣም። አመስግኖ ይወርዳል።

አዲስ ዘመን መናኸሪያ ሲደርስ የናፍጣው ሽታ፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ የቡናው እንፋሎት አንድ ላይ ይቀበሉታል። እጁ ሳያዘው ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል።

ይህ ሰው እምነቱ ጎድሎ አይደለም። ሱባዔውም አልከሸፈም፤ እንዲያውም የሚችለውን ሁሉ ሠርቷል። ኒኮቲን ከደም የሚወጣው በፍጥነት ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። የሰውነት ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ይበርዳል። ገዳሙ ይህን ክፍል አሻግሮታል። የቀረው ሌላ ዓይነት አምሮት ነው፤ ከደም ሳይሆን ከትዝታ የሚነሳው። አእምሮ ለዓመታት ቡናን ከሲጋራ፣ መሪን ከሲጋራ፣ ጥበቃን ከሲጋራ ጋር ሲያስር ኖሯል። ገመዱን የሚፈታው ገዳም ተቀምጦ ሳይሆን ቡናውን ያለ ሲጋራ ደጋግሞ በመጠጣት ነው። እንዲያውም ተመራማሪዎች እንደታዘቡት፣ ዝም ብሎ የሚመጣው አምሮት በሳምንታት ውስጥ ሲቀንስ፣ ሲጋራን በሚያስታውስ ነገር የሚቀሰቀሰው ግን ሊቆይ፣ አንዳንዴም ሊብስ ይችላል። «ወር ሙሉ ሰላም ነበርኩ፣ አሁን ምን ነካኝ?» የሚል ሰው ያልታየ ነገር አልደረሰበትም።

የቦታን ኃይል ለማየት የአሜሪካ ወታደሮች ታሪክ ይጠቅማል። ከቬትናም ጦርነት የሚመለሱ ወታደሮችን ያጠናችው ሊ ሮቢንስ፣ እዚያ ሳሉ ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሄሮይን ሱሰኛ እንደነበረ አረጋገጠች። አገሩ ከሚገባው ሠራዊት ጋር የሱሰኛ መዓት ይጎርፋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልሆነም፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከሱሰኞቹ መካከል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ብዙ ምክንያት ቢሰጥም አንዱ ግልጽ ነው፦ ሱሱ የተለመደበትን ጫካና ጓደኛ እዚያው ትተውት መጡ። የሹፌሩ ዕድል ተቃራኒ ነው። እሱ ሱሱን ትቶ ወደ ሱሱ አገር ነው የተመለሰው፤ እንጀራው እዚያ ነውና።

ስለዚህ «ወንድ ልጅ ከወሰነ ወሰነ» የሚለው ፉከራ ጉዳት አለው። ያለ ምንም እርዳታ ከሚያቆሙ ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ብቻ እንደሆኑ ጥናቶች ያሳያሉ። ዘጠና አምስቱ ወኔ ስለጎደላቸው ነው ማለት ለሰሚውም አይጥምም። ፉከራው የሚያደርገው ነገር፣ አንድ ቀን ተሸንፎ አንድ ፍሬ ያጨሰውን ሰው «በቃ፣ አልሆነልኝም» ብሎ ሙሉ ፓኬት እንዲገዛ መግፋት ነው። አንድ ፍሬ መሳትና ሱሱ ማገርሸት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አንድ ምሽት ብቻ ሊሆን ይችላል።

አምሮቱ ሲመጣ የሚረዳው ነገር ቀላልና አሰልቺ ነው፤ ምናልባት የማይነገረው ለዚህ ይሆናል። አንድ የአምሮት ማዕበል ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ሰው የሚሸነፈው ማለቂያ የለውም ብሎ ስለሚያስብ ነው። ያችን ጥቂት ደቂቃ ለማሳለፍ እጅና አፍ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ደግሞ ደጋው ድሃ አይደለም። መፋቂያ አለ፣ የሽምብራ ቆሎ አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ፣ ዳገት አለ። የደብረ ታቦርን ዳገት አንድ ጊዜ ወጥቶ የወረደ ሰው ሳንባው ራሱ ይመክረዋል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቡናውን ሌላ ቦታ መጠጣት፣ ከተቻለም ከማያጨስ ሰው ጋር መጠጣት ያግዛል። አረቄ ግን ሌላ ነው። ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ ውሳኔ የሚባል ነገር ስለማይኖር፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው ለጊዜው አረቄ ቤቱንም ቢያቆም ይሻለዋል። ይህ ለብዙዎች ከሲጋራው የከበደ ምክር ነው፤ ወዳጅነቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነዋ።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ሌሊት የሚያድሩ ወንዶች ብርዱን በጋቢ፣ ሐዘኑን በጭስ ይከላከላሉ። ለሐዘንተኛ ሲጋራ መዘርጋት እንደ ደግነት ይቆጠራል። «እንካ፣ ዛሬ እንኳ» ይባላል። ዓመት ሙሉ የታገለ ሰው በአንድ የደግ ሰው እጅ ይወድቃል።

ሐዘን ደግሞ በዚህ አገር አልጎደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ አርፏል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በግጭት ውስጥ አልፏል። መንገድ ተዘግቶ ሳምንት ኬላ ላይ የቆመ ሹፌር ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። «ሰው በጥይት እየሞተ ስለ ሲጋራ አምሮት ይወራል?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ ግን ከሌሎች ጦርነቶች ሁሉ የታወቀ ነው፦ ትምባሆ ከወታደርና ከተፈናቃይ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ጠመንጃው ይመለሳል፣ ሲጋራው ይቀራል። በጭንቀት ጊዜ የተጀመረ፣ ወይም በጭንቀት ጊዜ ያገረሸ ሱስ ሰላም ሲመጣ በራሱ አይለቅም። ጤና ጣቢያዎቹ በቂ መድኃኒት ባይኖራቸው እንኳ፣ ሊደረግ የሚችለው አብዛኛው ነገር መድኃኒት አይጠይቅም። ሐኪም ወይም ነርስ ለማንኛውም ሕመም የመጣን ሰው «ታጨሳለህ? ማቆም ትፈልጋለህ?» ብሎ ሦስት ደቂቃ ቢያነጋግረው ብቻ የሚያቆሙት ቁጥር እንደሚጨምር በብዙ አገር ተረጋግጧል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሠራተኞቹን እስከ ቀበሌ ድረስ አውርዷል፤ ከወር በኋላ «እንዴት ሆንክ?» ብላ የምትጠይቅ ሰው ከዚያ የተሻለች የት ትገኛለች?

መድኃኒቱም ቢሆን ተረት አይደለም። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር በ2001 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን በ2014 ዓ.ም. ተከትለዋል። ከእነዚህ መካከል ማስቲካው በተለይ ከወራት በኋላ ድንገት ለሚመጣ አምሮት ይጠቅማል፤ ሰውየው ኪሱ ይዞት ይዞራል። ግን መጀመሪያ መገኘት አለበት። ኒያላ በየሱቁ በፍሬ ይሸጣል፤ ማስቲካውን ለማግኘት ግን በትልልቅ ከተሞችም ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ግድ ነው። መርዙ ከደጃፍ፣ ማርከሻው ከባሕር ማዶ።

ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ከትምባሆ የተገኘው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ ለጃፓኑ ኩባንያ ጄቲአይ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል፤ በ2010 ዓ.ም. 31 በመቶ ገደማ ጨምሮ በ434 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በዚያም ላይ በየፓኬቱ 8 ብር ጥሏል። ሹፌሩ አሥር ዓመት ሙሉ ያጨሰው ለዚህ ካዝና እየከፈለ ነው። ሲያጨስ ግብር ከፋይ ነበር፤ ያቆመ ዕለት ከመዝገቡ ተፋቀ።

ከስምንቱ ብር ሃምሳ ሳንቲሙ እንኳ በየወረዳው ለማቆሚያ ምክርና ለማስቲካው ቢመደብ፣ ማስፈጸሚያው አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። በሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል አንድ የሠለጠነ ነርስ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ስልክ ይበቃል። ስልኩ አጫሹ ስሙን ሳይናገር የሚደውልበት ቢሆን ይመረጣል፤ እናቱ የማታውቅበት ሰው ብዙ ነውና። መደወያውም እንደ ፓኬቱ ሥዕል፣ እዚያው ፓኬቱ ላይ ይታተም።