ፊልሙ ለማን ተሠራ?

በግቢያችን ስለ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሽልማት ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አገኘ ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ሽልማት ቆጥሮ ማጨብጨብ ሰውየውን ማክበር አይደለም። ከርሳቸው ልንማር የሚገባን ፊልምን ከሕዝብ ዘንድ ማድረስን ነው።

ማስረጃችን «ሳንኮፋ» ነው። የባርነትን ግፍ የሚያሳየው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። ፕሮፌሰሩና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከጥቁር ሕዝብ ጋር ተባብረው፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ፊልሙን በየከተማው አሳዩ። በዋሺንግተንም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ ያን ጊዜ የናቁት ሁሉ ምን ተሰማቸው ይሆን?

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፤ ለኛ ምናችን ነው?» የሚሉ አሉ። እንግዲያው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እናንሣ። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዙፋኑ በሚናጋበት ዓመት፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ በአማርኛ ተነሣ። ባላባቱ ተቀምጦ ሲያዝና ሲሳደብ፣ የጭሰኛው ቤተሰብ ደግሞ ከንጋት እስከ ማታ ሲለፋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1965 የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአደባባይ ያነሡት ጥያቄ በዚህ ፊልም ሥጋ ለብሶ ቆሟል።

ለመሆኑ በመካነ ሰላም ከምንማረው መካከል ይህን ፊልም ያየነው ስንቶቻችን ነን? በማሻ ደጋ ሞፈር ጨብጦ የሚውለው ገበሬስ ስለርሱ የተሠራ ፊልም መኖሩን ማን ነገረው? የውጭ አገር ምሁራን ጽፈውበታል፤ የኛ ሰው ግን ስሙን እንኳ አልሰማም። የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

«በጀት የለም፣ አዳራሽ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በጀት ለሳንኮፋም አልነበረም። አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ አንሶላና አንድ ጄኔሬተር ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ፈቃደኛነት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ዛሬ ነገ ሳይል ለፊልሙ ባለመብቶች ጽፎ የማሳየት ፈቃድ ይጠይቅ። መምህራኖቻችንም ደብዳቤውን በፊርማቸው ያጠናክሩ። ፈቃዱ ሲገኝ ፊልሙ መጀመሪያ በግቢው ይታይ፤ ቀጥሎም በገበያ ቀን በመካነ ሰላምና በማሻ ለገበሬው ይቅረብ። የጭሰኝነትን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ። ፊልሙ እውነት ይናገር እንደሆነ እነርሱ ይፍረዱ፤ እኛም ማስታወሻ ይዘን እናድምጥ። ሽማግሌዎቹ ግን አይጠብቁንም።