ሳናነብ «እሺ» አንበል

ባለፈው ሰኞ የኮምፕዩተር ክፍሉ እስከ ምሳ ሰዓት ተዘግቶ እንደነበረ ያላየ የለም። በሩ ላይ «ሲስተም በመታደስ ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ያጠፋነው እኛው የክፍሉ ተረኞች ነን፤ ስለዚህ እኛው ብንጽፈው ይሻላል።

ማሽኖቻችን የሚሠሩት በ1993 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረውና በነፃ በሚታደለው ሊኑክስ፣ በዴቢያን ነው። እዚያ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ለማደስ ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። የቆየው አፕት-ጌት «አፕግሬድ» ሲባል ያሉትን ያድሳል እንጂ የተጫነ አይነቅልም፤ አዲስ ፓኬጅም አይጨምርም። አፕት የሚባለው አጭሩ፣ አንደኛ ዕትሙ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ በዚያው ትእዛዝ አዲስ ፓኬጅ ሊጨምር ይችላል፤ እሱም ቢሆን አይነቅልም። «ፉል-አፕግሬድ» ከተባለ ግን ለእድሳቱ እንቅፋት የሆነበትን እየነቀለ ያልፋል። («አፕዴት» ብቻ ብለው «በቃ ታደሰ» የሚሉ ጓደኞችም አሉን፤ ኧረ እሱ የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ ነው የሚያድሰው!)

እኛ ሰኞ ዕለት ፉል-አፕግሬድን ያዘዝነው «ዋይ» የሚለውን ምልክት ጨምረንበት ነው፤ ይኸውም ለሚመጣው ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ «እሺ» ማለት ነው። ቀደም ሲል ከሌላ ምንጭ የጫንነው አንድ ፓኬጅ ተጋጨና የአማርኛ መጻፊያው ተነቀለ። የሚነቀሉት ዝርዝር ዓይናችን እያየ በስክሪኑ ላይ አለፈ፤ ማን ያንብበው! የትምህርት ዕቅዳቸውን ሊጽፉ የመጡ የሁለት ሴክሽን ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ደግነቱ አፕት የሠራውን ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ እያየን መለስነው።

ከዚህ ወዲህ «የሚሠራውን ምን አነካካው፣ ጭራሽ አይታደስ» የሚሉ ተነሥተዋል። በዚህ አንስማማም። በኤፕሪል 2014 (እ.ኤ.አ.) ሀርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ማረሚያው በዚያው ዕለት ወጥቷል። ቀዳዳው ኖሮበት ሳይታደስ የተቀመጠ ማሽን ግን ወሬው ሌባውም ዘንድ ከደረሰ በኋላ ክፍቱን ቀረ። ስለዚህ የደኅንነት ጥገናውን ብቻ በራሱ ጊዜ እንዲጭን ተደርጎ አንአተንድድ-አፕግሬድስ ይተከል እንላለን፤ ሰው ይረሳል፣ እሱ አይረሳም። የቀረው እድሳት በሰው ዓይን ይሁን። አስቀድሞ «ኤስ» በሚለው ምልክት ይሞከር፤ ምንም ሳይነካ ምን እንደሚጭንና ምን እንደሚነቅል ይናገራል። ፓኬጆች ከተጋጩ አፕቲቲዩድ ይሻላል፤ አንዱን መፍትሔ ባንቀበል እንደ ሽማግሌ ሌላ ያቀርብልናል።

የመስመሩም ነገር አለ። ሃያ ማሽን አንዱን ፓኬጅ ሃያ ጊዜ ከኢንተርኔት ሲጎትት መዋሉ ምን ይባላል? አፕት-ካቸር-ኤንጂ በአንድ ማሽን ላይ ቢጫን አንዴ የመጣውን ይዞ ለቀሩት ያድላል።

ነገ ብዙዎቻችን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ጠጋኝ አይኖረውም፤ ቁልፉን የሚረከበው «አንተ ኮምፕዩተር ታውቃለህ» የተባለው መምህር ነው። ስለዚህ ክፍሉ እድሳቱን ሰኞ ጧት ሳይሆን ዓርብ ከሰዓት፣ መጀመሪያ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ፣ ተማሪ ባለበት እንዲያደርገው እንጠይቃለን። እኛም በተራችን እንገኛለን፤ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ የሚያነብልን አንድ ሰው ግን እንፈልጋለን።