ለግጥሙ ትምህርት እናትን ጥሩ

ወገኖች፣ ከትምህርት ቤት ወጥተው ቤታቸው ለባግሩት የሚያጠኑ ልጆቻችንን እናግዛለን። ግጥም ላይ ሲደርሱ «አልገባኝም» ብለው ደብተሩን ይዘጋሉ። እናት ደግሞ «ዕብራይስጥ አላነብ፣ ምን ልርዳው?» ትላለች። እኛም እሺ ብለን እናልፋታለን። ተሳስተናል!

ቢያሊክ በ1892 ያሳተመው «ለወፏ» የሚለው ግጥም ከጽዮን የመጣችን ወፍ ስለ አገሪቱ ይጠይቃል። እናቶቻችንስ ጎንደር ልጅ ሳሉ ሽመላን ስለ ኢየሩሳሌም በዜማ ይጠይቁ አልነበር? ወፏ ሰም፣ ናፍቆቱ ወርቅ። ፈተናውም የሚፈልገው ይህንኑ ወርቅ ማውጣት ነው እኮ።

እንግዲህ ልጁ ግጥሙን በአማርኛ ይንገራት፣ እሷ ትፍታለት። አማርኛው ቢያጥረው አብረን እንሞላለን። ነጥቡ ከፍ ይል ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን እናቱ አዋቂ መሆኗን ያያል። እኛ ልጅ ሆነን ስንመጣ ይህን ያሳየን አልነበረም።